ባሕራችን የማያውቃቸው ዛጎሎች

ዊምብል ደሴት፣ ሰሜን ካሮላይና
ዲሴምበር 5 ቀን 1977

ይድረስ ለሩፈስ ጋስኪል፣ ጉዋም

ውድ ሩፈስ፣ ይህ ወረቀት በጤናህና በሙሉ ደስታህ ላይ ይድረስህ። ባለቤትህ ቶማሳም ደኅና ትሁንልህ፤ ያ የመርከብ ጥገና ሥራህም ጣትህን ሳይወስድ እንጀራ ይሁንህ። እኛ አምላክ ይመስገን አለን። ነፋሱ የጣሪያዬን ግማሽ ብቻ ነው የወሰደው፤ ስለዚህ አላማርርም።

እናትህ ደኅና ናት። ጉልበቷ ብርድ አልችል ብሎ ጠዋት ጠዋት አብራኝ ወደ ባሕር ዳር መውጣት ትታለች እንጂ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ትቆጣለች። ደብዳቤህን ደጋግማ ታነባለች፤ ብዕር ግን አልነካም እንዳለች ነው። ተርስተን ሱቅ ያለውን ስልክም "ድስት ውስጥ አልጮህም" ብላ አትጠጋውም። ስለዚህ አፏም እጇም እኔው ሆኛለሁ። የአባትህ የአጎት ልጅ ብቻ ሆኜ የእህት ሥራ ነው የምሠራው፤ በሰማይ ይቆጠርልኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የሰሜን ምሥራቁ ነፋስ ሲገርፈን ሰንብቶ ትናንት ጠዋት አረፈ። ከእንዲህ ያለ ወጀብ በኋላ ባሕሩ ምን እንደሚተፋልን መቼም አትረሳውም። ኮከብ ዓሣው እንደ ረገፈ ቅጠል ተቆልሏል። የቀንድ አውጣ እንቁላል እንደ መቁጠሪያ ተንዘላዝሎ ተጋድሟል። የባሕር ፈረስ ሁለት አገኘሁ፤ አንዷ ገና ነፍስ ነበራት። ቆብ ዛጎልም ነበር፤ አንዱን አንስቼ እንደ ደንባችን "ቤቶች?" ብለው ባለቤቱ ብቅ አለብኝ። ይቅርታ ጠይቄ ወደ ውሃው መለስኩት።

ከዚያ አሮጌው የጀልባ ቤት ሥር ስደርስ አንድ ነገር አየሁ። ከዶሮ እንቁላል ይበልጣል። ጀርባው ቅባት የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል፤ እንደ ነብር ቆዳ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ነው። ሆዱ ነጭ፣ አፉ ጥርስ በጥርስ። "ቤቶች?" አልኩት፤ ማንም የለም። ይሄን አሸዋ ከልጅነቴ ጀምሮ ስረግጠው እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። አያቴም አላየችም፤ ብታይ ኖሮ ስታወራው ትኖር ነበር። ብርዱ ዓይኔን ያታለለው መስሎኝ መነጽሬን ጠርጌ እንደገና አየሁት። ያው ነው።

ለእናትህ ወስጄ አሳየኋት። በረንዳው ላይ ቆማ ገልብጣ አየችው፣ ጀርባውን በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችውና "ካነሳሽበት መልሺው" አለችኝ። ባዶ ነው እኮ፣ ውስጡ ሰው የለም ብላት "መልሺው አልኩሽ" ብላ በሩን ላዬ ላይ ዘጋችው። መለስኩት? አልመለስኩትም። ታውቀኝ የለም እንዴ።

አንተ በሞቀ ባሕር የምትኖር ሰው ነህና ይህ ፍጡር ምን እንደሆነ ጻፍልኝ። የዛጎል ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ካገኘህም ላክልኝ። "ዘንድሮ በብርዱ ወራት እመጣለሁ" ያልከውስ ነገር ምን ደረሰ? ብርዱ እኮ መጥቷል።

አምላክ ከአውሎ ነፋስና ከክፉ አለቃ ይሰውርህ።

አክስትህ ኤልቫ


ጉዋም፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 1978

ለተከበሩ አክስቴ ለኤልቫ ጋስኪል

እንደምን ከርመዋል? ገናውንስ በደኅና ዋሉ? እኔና ቶማሳ በእርስዎ ጸሎት ደኅና ነን። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከገና በፊት ነበር፤ በሥራ ልብሴ ኪስ ውስጥ ሲዞር ከርሞ ዛሬ ገና መልስ አገኘ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ያገኙት ነብር ዛጎል ይባላል። እዚህ ከድንጋይ ሥር ይገኛል፤ ልጆች ሁሉ ያውቁታል። የእናንተን ውሃ ቢቀምስ ግን አንድ ቀን አያድርም፤ ስለዚህ በእግሩ አልመጣም። ከመርከብ ላይ አንድ መርከበኛ የጣለው ይሆናል። ወይም አንዱ ቱሪስት በበጋ ረስቶት ሄዶ ወጀቡ አውጥቶታል። እባክዎ በዚህ ራስዎን አያስቸግሩ። መጽሐፉን በሌላ ጥቅል ልኬያለሁ።

ስለ መምጣቴ፣ አለቆቼ ውሉን አራዘሙብኝ። ሁለት ትልልቅ መርከቦች ለጥገና ከውሃ ወጥተዋል፤ በብርዱ ወራት መነሳት የሚሆን አልመሰለኝም። ለጁን፣ ወይም ከዚያ በኋላ። ስመለስ የእርስዎን ጣሪያም የጀልባ ቤቱንም አብረን እንጠግናለን።

እናቴን ይሳሙልኝ። በኖቬምበር ማለቂያ የላክሁላት ነገር ደርሷት እንደሆነ ቢጠይቁልኝ ደስ ይለኛል። ምን እንደሆነ እሷ ታውቃለች።

ጤና ይስጥልኝ።

ሩፈስ


ዊምብል ደሴት፣ ጃንዋሪ 24 ቀን 1978

ይድረስ ለሩፈስ

ውድ ሩፈስ፣ ሰላምታዬ ከዚህ ብርድ አምልጦ እዚያ ሙቀት ውስጥ ይግባ። እንደምን አለህ? እኛ እንዳለን አለን፤ ሳል ሳይቆጠር።

መርከበኛ ጣለው ያልከውን ለተርስተን ነግሬው ነበር። እሱማ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ ባሕሩ አቅጣጫውን ቀይሯል፣ ከእንግዲህ ሙዝ ይመጣልናል እያለ ሰውን ያስቃል። ሰባኪያችን ደግሞ ምልክት ነው ይላሉ፤ የምን ምልክት እንደሆነ ስጠይቃቸው እስከ እሑድ ልመርምረው አሉኝ። እሑድ ሌላ ነገር ሰበኩ።

እንግዲህ መርከበኛው ስንት ኪስ ነበረው? ካንተ ደብዳቤ ወዲህ ሌሎች መጥተዋል። አንደኛው ሾጣጣ ነው፤ ላዩ ላይ ሰው በብዕር የጻፈበት ይመስላል። ሌላው ትልቅ ነው፤ ጠርዙ ላይ እንደ እጅ ጣቶች አውጥቷል። ሁሉም እዚያው የጀልባ ቤቱ ሥር ነው የሚገኙት፤ ወዲህ ወይም ወዲያ ማዶ አንድም የለም። ጠዋት ስሄድ እርጥብ አሸዋ ላይ ተጋድመው ይጠብቁኛል። መጽሐፍህ ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ሦስቱንም አገኘኋቸው፤ ሦስቱም ያንተ ባሕር ሰዎች ናቸው። መጽሐፉ ይገላግለኛል ስል ጭራሽ አዞረብኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ባለ ጣቱን ለጎረቤት ላሳይ ብዬ ሳጥበው አንደኛው ጣቱ ተሰብሮ የተጠገነ ሆኖ አገኘሁት። በጥቁር ማጣበቂያ፣ ይሄ ጀልባ የሚያጣብቁበት ዓይነት። እስቲ ንገረኝ፣ ባሕር ማጣበቂያ ከየት ያመጣል?

ስለ እናትህ። የላክህላት ደርሷት እንደሆነ ጠየቅኋት። "ደርሷል፤ ሄዷል" አለችኝ። ምኑ ነው የሄደው ብላት ሻይዋን ፉት አለች። ምን እንደላክህ አንተ አልነገርከኝ፣ ምን እንደሄደ እሷ አልነገረችኝ፤ እኔ መሐል ላይ እንደ ሞኝ ቆሜያለሁ። ደግሞ ከገና ወዲህ ወደ ውስጥ ግቢ አትለኝም። በዚህ ብርድ በረንዳ ላይ ነው ያንኑ የቁጥቋጦ ቅጠል፣ የያፖን ሻይ፣ የምታጠጣኝ። ፊቷ ከስቷል። ዱላዋ ጫፉ ላይ አሸዋ አያለሁ፤ ጉልበቷ እንደማይችል የምታወራው ሴት የት ደርሳ እንደምትመጣ አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ተርስተን ሱቅ ስለምሠራ አላያትም።

መጽሐፍ አልፈልግም ከእንግዲህ። ይልቅ በቶሎ ጻፍልኝ፤ ያቺን የሥራ ልብስህን እጠባት።

አክስትህ ኤልቫ


ጉዋም፣ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1978

ውድ አክስቴ ኤልቫ

ሰላምታውን በሚቀጥለው እከፍላለሁ፤ ዛሬ የምጽፈው ነገር አያስጠብቅም።

ማጣበቂያው የኔ ነው። ባለ ጣቱን ዛጎል ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ጣቱን የሰበርኩትም ያጣበቅሁትም እኔ ነኝ። ለእናቴ ልደት ነበር የላክሁላት። ነብሩም የኔ ነው፤ ሾጣጣውም። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ በየጊዜው አንዳንድ ዛጎል ስልክላት ነው የኖርኩት። ለእርስዎ ያልነገረችዎ ለምን እንደሆነ አያጡትም፤ በእጅ ያላነሱትን ዛጎል መደርደሪያ ላይ መደርደር በእናንተ ዘንድ ምን ያህል ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ መኝታ ቤቷ፣ ኮመዲኖው የታችኛው መሳቢያ ውስጥ ነበር የምታስቀምጣቸው። በኖቬምበር የላክሁትም ትንሽ ነጭ ዛጎል ነበር።

እንግዲህ አክስቴ፣ ደንቡን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ዛጎል የማን ነው? ያነሳው ሰው ነው፤ የትም ቢቀመጥ፣ ለማንም ቢሰጥ። ወደ ባሕር የሚመለሰውስ የማን ዛጎል ነው? የሞተ ሰው። አባቴ የሞተ ጊዜ እናቴ የሱን እያወጣች፣ ባሕሩ መሸሽ ሲጀምር፣ አንድ በአንድ እዚያው የጀልባ ቤቱ ሥር ስትመልስ አይቻለሁ።

አክስቴ፣ እኔ ሞቻለሁ እንዴ? ይሄን ስጽፍ ራሴን ያስቀኛል። በየወሩ እጽፍላታለሁ። ታነባለች ብለውኛል። በጽሑፌ ያለሁ ሰው እንዴት ነው ከሞቱት የምቆጠረው? ወይስ የምትሞተው እሷ ናት፣ ከእኔ ተደብቆ? ሕመም ካለባት በግልጽ ይንገሩኝ፤ አያባብሉኝ።

እባክዎ ገብተው መሳቢያውን ይዩልኝ። የፊት ለፊቱን መደርደሪያም ይዩ፤ የራሷ ዛጎሎች አሉ ወይስ እነሱንም መልሳለች? ቶማሳ ይሄን ሁሉ ሰምታ "ታዲያ ለምን እናትህን አትጠይቃትም?" ትለኛለች። የኛን ሰዎች አታውቅም።

ሩፈስ


ዊምብል ደሴት፣ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1978

ይድረስ ለሩፈስ

ልጄ፣ አምላክ ልብህን ያጽናልህ፤ የኔንም።

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ እናትህ ለመብራት ጋዝ ወደ ተርስተን ስትወርድ ጠብቄ በጓሮ በር ገባሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ የገዛ ጫማዬ ድምፅ ሲያስደነግጠኝ ነበር። መሳቢያውን ሳብኩት። ፍላኔል ጨርቅ አንጥፋበታለች፤ ጨርቁ ላይ ዛጎሎቹ የተኙበት ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ቦታ ይታያል። አብዛኛው ጎድጓዳ ባዶ ነው። ጥቂት ናቸው የቀሩት።

ከዚያ ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል ሄድኩ። ያች የራሷ መደርደሪያ እንደነበረች ናት። ቆቦቹ፣ ጠምዛዞቹ፣ ጠፍጣፋዎቹ የአሸዋ ሳንቲሞች፣ ሁሉም በየቦታቸው፣ አቧራ እንኳ ተጠርጎላቸዋል። ለራሷ አይደለም እንግዲህ። ላንተ ነው የምትመልሰው። አልጋዋ ላይ ቁጭ አልኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ለምን እንደማለቅስም በውል አልገባኝም፤ አንተ በሕይወት አለህ፣ ደብዳቤህ ኪሴ ውስጥ ነው።

አንተም እንደ ቶማሳ ጠይቂያት ትለኝ ይሆናል። እንዴት አድርጌ? የመጨረሻው ዛጎል ሳይመለስ የሚመልሰውን ሰው ስለ ሟቹ ማናገር እንደማይቻል ዘነጋኸው? ለአባትህ ጊዜ እኔ እንኳ፣ እኔ ኤልቫ፣ አፌን ዘግቼ ነበር። የመጨረሻው ሲመለስ ደግሞ የባሕር በኩል መስኮቱ ይዘጋል፤ እስከሚመጣው ብርድ ስምህ ማዕድ ላይ አይነሳም። በሕይወት ያለ ሰው ስም እንዲህ ሲደረግ ሰምቼ አላውቅም። ተጣልታችሁ ይሆን? የጻፍክላት ክፉ ቃል አለ? እሷስ አእምሮዋ እየከዳት ይሆን? ደግሞ ሳያት ከኔ ይልቅ ንቁ ናት፤ ባለፈው የተርስተንን ሚዛን ስህተት ያገኘችው እሷ ናት።

ስለዚህ አንድ ነገር ማድረግ ጀምሬያለሁ፤ እንዳትስቅብኝ። ጠዋት ዛጎሎችህን እለቅማለሁ፤ እሷ ስትወጣ ጠብቄ ገብቼ መሳቢያው ውስጥ መልሼ አስቀምጣቸዋለሁ። በስተርጅና ሌባ ሆኛለሁ፤ የኔ ሌብነት ግን ወደ ውስጥ ነው። ባለ ጣትህ ለሁለተኛ ጊዜ ተመልሶ ገብቷል፤ ትንሿ ነጭም አብራ ገብታለች። ነብሯን ግን እኔ ዘንድ አቆይቻታለሁ። ትናንት በረንዳው ላይ የበለስ ኬክ እየቆረሰች "ዘንድሮ የጀመርኩት ነገር ሁሉ አያልቅልኝም" አለችኝ። ሻይው በአፍንጫዬ ወጣ።

ግን እስከ መቼ እሸከመዋለሁ? አንዳንድ ቀን ባሕሩ ይቀድመኛል፤ ሾጣጣውን ወስዶ አላገኘሁትም። ጣሪያዬን ተወው፣ ጁንንም ተወው። መሳቢያው ሳያልቅ ና።

አክስትህ ኤልቫ


ጉዋም፣ ማርች 2 ቀን 1978

ለተከበሩ አክስቴ ለኤልቫ

አምላክ ያክብርልኝ። ለእኔ ብለው የገቡበትን ሌብነት እሱ ይቅር ይበልዎ።

አልተጣላንም። ክፉ ቃል አልጻፍኩም። ደብዳቤዎቼን በልቤ እየመላለስኩ ስመረምር ሰነበትኩ፤ የማገኘው ጥፋት አጣሁ። አንድ ነገር ግን አለ፤ ጥፋት ይሁን አይሁን እርስዎ ይፍረዱ። ለእናቴ በጻፍኩ ቁጥር "ስመለስ" እላለሁ። ስመለስ አጥሩን፣ ስመለስ ጣሪያውን። እጄ ለምዶት ነው የሚጽፈው። ባለፈው ዓመት እዚህ ቤት ሠርተናል፤ ይሄንን አልጻፍኩላትም። እንዴት ብዬ? የጻፍኩላት በጓሮ የዳቦ ፍሬ ዛፍ መትከላችንን ብቻ ነው፤ ለወሬ ያህል።

እመለሳለሁ ወይ? ቢጠይቁኝ አዎ እላለሁ፤ መቼ ቢሉኝ ግን ቀን የለኝም። አልመለስም ማለትም አፌ አይችልም። እንዲህ ሆኜ ስንት ዓመት እንደኖርኩ ያወቅሁት እርስዎ ስለ መሳቢያው ሲጽፉልኝ ነው። አሁን ደግሞ ይባስ ብሎ ሞቼ ይሁን ኖሬ የማላውቅ ሰው ሆንኩ። አለቃዬን እናቴ ጠርታኛለች አልኩት። አልጠራችኝም፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ፈቃድ አግኝቻለሁ። በማርች አጋማሽ በፖስታ ጀልባው እደርሳለሁ። ለእሷ አይንገሯት። እየመጣሁ ያለሁት ልወቀስ ይሁን፣ ልታቀፍ ይሁን፣ ወይስ የራሴን ልቅሶ ልደርስ፣ አላውቅም። እባክዎ እስከዚያ መሳቢያው ባዶ እንዳይሆን።

ሩፈስ


ዊምብል ደሴት፣ ማርች 21 ቀን 1978

ይድረስ ለወይዘሮ ቶማሳ ጋስኪል፣ ጉዋም

ልጄ ቶማሳ፣ ተያይተን አናውቅም፤ ግን የባልሽ አክስት ኤልቫ ነኝና እንደምታውቂኝ ቆጥሬ በፍቅር እጅ እነሣለሁ። ቤትሽ የሞላ፣ ዛፍሽም ያፈራ ይሁን። ሩፈስ ደኅና ደርሷል። እሱ ራሱ ሊጽፍልሽ ተቀምጦ ነበር፤ ሁለት መስመር ጽፎ አቅቶት ወረቀቱን ለእኔ ገፋልኝ። ስለዚህ የሆነውን ከእኔ ስሚ።

ጀልባው ከሰዓት በኋላ ገባ። ሱቁን ጥዬ ተቀበልኩትና ወደ እናቱ ቤት ስንሄድ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ሰው የለም። ወደ መኝታ ቤቱ ገብተን መሳቢያውን አየን። ባዶ ነው። ጠዋት የለቀምኳቸው ገና ሱቅ ውስጥ በሻንጣዬ ነበሩ። ሩፈስ ወደ ጀልባ ቤቱ ሮጠ። እኔም እያለከለክሁ ተከተልኩት።

እናቱ ሞዜል እዚያ ናት። ባሕሩ መሸሽ ጀምሯል፤ ነፋሱ ጨርቋን ይጎትታል። በአንድ እጇ ዱላዋን፣ በሌላው ያቺን በኖቬምበር የላከላትን ትንሽ ነጭ ዛጎል ይዛ ውሃው ጫፍ ላይ ቆማለች። ልጅሽ መጣ ልበላት ብዬ አፌን ስከፍት ሩፈስ ቀደመኝ። ከኋላዋ ጠጋ ብሎ፣ ዛጎል አንስተን እንደምንለው፣ "ቤቶች?" አላት።

ሳትዞር "አለን" አለች። ከዚያ ዞረች። ዱላዋን ለቀቀችና ፊቱን ይዛ እንደ ዛጎል ወዲያና ወዲህ እያዞረች አየችው። "ከስተሃል" አለችው።

እሱ ግን መታገሥ አልቻለም። ስንት ሺህ ማይል አምቆት የመጣውን አወጣው።

"እማዬ፣ እኔ ሞቻለሁ ወይ?"

እንደ ሞኝ ቆጥራ አየችው። "ማነው እንዲህ ያለህ?"

"ዛጎሎቼን ትመልሺያለሽ። የሟች እኮ ነው የሚመለሰው።"

ያሰብነው ነገር ያኔ ነው የገባት መሰለኝ። እኛ ያሰብነውን ሁሉ እሷ አስባው አታውቅም ነበር። ቀስ ብላ ነገረችው። እኔ አርጅቻለሁ፣ ስሞት ኤልቫ ያንተንም የኔንም ባንድ ባልዲ ሰብስባ እዚህ ትደፋዋለች አለችው። የኔ ዛጎሎች ቤታቸው ይሄ ነው፤ ያንተዎቹ ግን የሞቀ ባሕር ልጆች ናቸው፣ ከማያውቁት ጋር ተቀላቅለው እንዳይቀሩ ዓይኔ እያየ በደኅናው ጊዜ ወደ ቤታቸው ልላካቸው ብዬ ነው አለችው። ሁሉም ባሕር እኮ አንድ ነው፣ ይደርሳሉ አለች። ስትናገር አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ከዚያ ክንዱን ያዝ አደረገችና ይሄን ጨመረች፦

"ዛፍ መትከልህን ጽፈህልኛል። ፍሬ የሚጠብቅ ሰው ቤቱ እዚያ ነው። በየደብዳቤው 'ስመለስ' እያልክ የምትሠቃየውን ተወው፤ እኔ ጠብቄ ጨርሻለሁ። ልጄ አልሞተብኝም፤ ቤት ገብቷል።"

ቶማሳ፣ ባልሽ እዚያው አሸዋ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ትልቅ ሰው እንዲህ ሲያለቅስ ማየት ደግ አይደለምና እኔ ወደ ባሕሩ ዞርኩ። ምን እንደተሰማኝ ብትጠይቂኝ ደስታ ይሁን ኀዘን እስከ አሁን አልለየሁትም። ይመጣል ብለን በፈራነው ስንደነግጥ ከረምን፤ የመጣው ነገር ደግሞ ካልፈራነው በኩል ነው የመጣው።

ያቺን ነጭ ዛጎል ሞዜል አልጣለቻትም። እጁን ይዛ መዳፉ ላይ አኖረችለትና ጣቶቹን ዘጋችባት።

"ይቺን ራስህ አድርስልኝ" አለችው። "በባሕር ብልካቸው ኤልቫ ትለቅማቸዋለች።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ታውቅ ኖሯል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ታውቅ ኖሯል! መሳቢያዋ ውስጥ መልሼ ሳስገባም "ደረቅ አድርጋ እንኳ አታስገባም፣ ፍላኔሌን አበሰበሰችው" ብላ ከሰሰችኝ። ለምን ታዲያ ዝም አልሽኝ ብላት፣ አንቺ ስትለቅሚ ከርመሽ ልጁን አስመጣሽው፣ ምን ልበልሽ አለችኝ። ከዚያ ሦስታችንም ወደ ቤት ሄደን የበለስ ኬክ በላን። በረንዳ ላይ አይደለም፤ ውስጥ። ለካ ከገና ወዲህ ያላስገባችኝ መሳቢያዋን ክፍት አድርጋ ማኖር ስለጀመረች፣ እኔ ደግሞ መጠየቅ ስለማላቆም ነው።

ሩፈስ እስከ ፋሲካ ይቆያል። ጣሪያዬን ሠርቶልኛል፤ የባሕር በኩል መስኮቷንም የዛገ ማጠፊያ ቀይሮላታል፤ ያ መስኮት ለኀዘን አይዘጋም። ጠዋት ጠዋት ሦስታችንም እንወርዳለን፤ ሞዜል በእሱ ክንድ። ከሻንጣዬ ያወጣኋቸውን ዛጎሎች ሁሉ በካልሲዎቹ ጠቅልሎ አሰናድቷል፤ የባለ ጣቱ ማጣበቂያ አሁንም አልለቀቀም። ሲደርስ ከየት እንዳነሳቸው አሳይቶሽ ወደ ውሃው ትመልሷቸዋላችሁ። ስትመልሷቸው ዙሪያችሁን እዩ፤ እንደ እኔ ያለ ሰው እዚያም አይጠፋምና ማንም እንዳይለቅምባችሁ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለሩፈስ አልነገርኩትም። ነብሯን አልሰጠሁትም። የመጀመሪያዋ ናት፤ በዚያ ብርድ ጠዋት ያስደነገጠችኝ እሷ ናት፤ አልጋዬ አጠገብ አለች። በእጄ አንስቻታለሁና ከእንግዲህ የኔም ናት ብዬ ራሴን አሳምኛለሁ። ሞዜል ታውቃለች፤ ዝም ብላኛለች። ለተርስተን ነግሬዋለሁ፦ እኔ ሳልፍ የኔን ዛጎሎች ሁሉ እዚሁ ይመልሷቸዋል፤ እሷን ግን ለብቻዋ ጠቅልሎ በፖስታ ይልክልሻል።

እንግዲህ አንድ ቀን ደብዳቤ የሌለበት ትንሽ ጥቅል ቢደርስሽና ስትፈቺው ያቺ ነብር ብትወጣ፣ ኤልቫ ሞታለች ማለት ነው፤ ግራ አይግባሽ። ወደ ቤቷ አስገቢልኝ።

አክስትሽ ኤልቫ ጋስኪል